ፍርሃት ሲበረታ፦ በክርስቶስ ስለ መታመን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሽታ፣ ጦርነት፣ ሥራ ማጣት፣ የሚወዱት ሰው ሞት፦ ፍርሃት በብዙ በር ይገባል። ከዚህ በታች የሰፈሩት አማኞች በእንዲህ ያለ ጊዜ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የመዝሙረ ዳዊት ምዕራፎች አቆጣጠር ከትርጉም ትርጉም ስለሚለያይ ሁለቱንም ቁጥር ጽፈናል። መዝ. 22(23) ሲባል በእጅዎ ባለው መጽሐፍ 22ኛው ወይም 23ኛው መዝሙር ነው።

ክርስቲያን ሆኜ መፍራቴ ኃጢአት ነው?

አይደለም። አደጋ ሲቃረብ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልበዋል፤ ሰውነታችን ከአደጋ እንዲያመልጥ ሆኖ ስለተፈጠረ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲደርስ በድካም፣ በፍርሃትና በብዙ መንቀጥቀጥ እንደነበረ ሳይደብቅ ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 2፥3)። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ሦስት ደቀ መዛሙርቱን አብረውት እንዲተጉ ለመነ፤ አባቱንም ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል እየደገመ ጸለየ (ማቴ. 26፥37-44)። ያለ ኃጢአት የሆነው እርሱ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ መጨነቅ በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም።

ኃጢአት የሚገባው ፍርሃቱ ወደ ክፉ ሥራ ሲመራን ነው። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የበደለው ስለፈራ ሳይሆን ጌታውን ስለካደ ነው። መክሊቱን የቀበረው ባሪያም ፈርቶ አደራውን ጣለ (ማቴ. 25፥25)። ስለዚህ ራስዎን ሲመረምሩ «ፈራሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። «ፍርሃቴ ምን አሠራኝ? ዋሸሁ? ሰው ከዳሁ? የተሰጠኝን ሥራ ተውኩ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ንስሐ የሚገቡት ስለዚያ ድርጊት ነው። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ አደራውን መልሶ ተቀብሏል (ዮሐ. 21፥15-17)።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ራእይ 21፥8 «የሚፈሩ»ን ከማያምኑ ጋር አብሮ ይጠራል። ያ መጽሐፍ የተጻፈው በስደት ላይ ላሉ ምእመናን ነው፤ ቃሉም የሚናገረው ከቁጥር 7 «ድል ከሚነሣው» በተቃራኒ ቆመው ክርስቶስን ትተው ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። ሌሊት ጭንቀት እንቅልፍ የነሳውን አማኝ አይመለከትም።

እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ማለት ክፉ አይደርስብኝም ማለት ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን። መዝ. 90(91) በአደጋ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የሚነበብ መዝሙር ነው፤ መነበቡም መልካም ነው። ነገር ግን ሰይጣን ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ የጠቀሰው ከዚሁ መዝሙር እንደሆነ ልብ ይበሉ (ማቴ. 4፥6)። ፈታኙ ቃሉን ያጣመመው የተስፋ ቃል ምንም ነገር እንዳይነካን የተሰጠ ዋስትና አስመስሎ ነበር። ጌታም ያንን አነባበብ አልተቀበለም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያንብቡ። ቁጥር 2 ላይ የዮሐንስ ወንድም ያዕቆብ በሰይፍ ይገደላል። ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ጴጥሮስ በሁለት ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስሮ እንደተኛ መልአክ መጥቶ ይፈታዋል። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው፣ የሚያሳድዳቸውም አንዱ ሄሮድስ ነው። የያዕቆብ እምነት ከጴጥሮስ ያነሰ ነበር የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ማንም መጥቶ «እምነትህ ቢበቃ ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር» ቢልዎ ይህን ምዕራፍ ያሳዩት።

ታዲያ የተሰጠን ተስፋ ምንድን ነው? ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ፤ ነገር ግን አይዞአችሁ፤ እኔ ዓለምን አሸንፌዋለሁ» ብሏቸዋል (ዮሐ. 16፥33)። ጳውሎስ በሮሜ 8፥35 ሰባት ነገሮች ይዘረዝራል፦ መከራ፣ ጭንቀት፣ ስደት፣ ራብ፣ ራቁትነት፣ ፍርሃት፣ ሰይፍ። አማኝ እነዚህን አያይም አይልም። ከእነዚህ አንዱም ከክርስቶስ ፍቅር አይለየውም ይላል። የክርስቲያን ደኅንነት በዚህ ላይ ቆሟል፤ መከራው ቢነካውም አብሮት ያለው አይለየውም፣ መጨረሻውም በትንሣኤ ተዘግቷል። ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ከተናገሩ በኋላ፣ ባያድናቸውም ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩ (ዳን. 3፥17-18)። ጸሎታችን ሁለቱንም ይያዝ፤ እንዲያድነን በድፍረት እንለምን፣ እንደ ለመንነው ባይሆንም እንደማንተወው እንንገረው።

እምነታቸውን «ምንም አይደርስብኝም» በሚል ላይ የሠሩ ሰዎች አንድ ክፉ ነገር ሲደርስባቸው ሁለት ጊዜ ይጎዳሉ። መከራው ያማቸዋል፤ በላዩም እግዚአብሔር የተዋቸው ይመስላቸዋል።

ፍርሃት በድንገት ሲይዘኝ በዚያች ሰዓት ምን ላድርግ?

የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የመታፈን ስሜትና «አሁን ልሞት ነው» የሚል ሐሳብ በአንድ ላይ ሲመጡ ሐኪሞች የድንጋጤ ጥቃት ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርስና መብረድ ይጀምራል። እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ጥቃቱን የሚያረዝመው ብዙ ጊዜ ጥቃቱን ራሱን መፍራት ነውና። ከዚህ በፊት ደርሶብዎት የማያውቅ ከሆነ ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

ቁጭ ብለው ሁለቱንም እግርዎን መሬት ያስረግጡ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ እስከ 6 እየቆጠሩ በዝግታ ያውጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በጥልቀትና በፍጥነት ለመተንፈስ በመታገል ነው። ያ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራስ ያዞራል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ፍርሃቱንም ይጨምራል። ዋናው ነገር ማስወጫውን ማስረዘም ነው። ለ5 ደቂቃ ያህል ይቀጥሉ።

ቁጥሩን ከለመዱት በኋላ በቃሉ ይተኩት፤ ሲያስገቡ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ ሲያወጡ «የሚያሳጣኝም የለም»። ረጅም ጸሎት ማድረግ ካልቻሉ አይጨነቁ። ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል የጸለየው «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብሎ ነበር፤ ኢየሱስም ወዲያው እጁን ዘርግቶ ያዘው (ማቴ. 14፥30-31)። ሲረጋጉ የፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ለእግዚአብሔር ይንገሩት። «ሁሉ ነገር አስፈራኝ» ከማለት «የነገው የምርመራ ውጤት ካንሰር ነው እንዳይለኝ ፈራሁ» ማለት ይሻላል። ስም የወጣለት ፍርሃት ድንበር ይኖረዋል።

በዚያች ሰዓት ሥራ መልቀቅ፣ ንብረት መሸጥ፣ የቁጣ መልእክት መላክ አይገባም። ውሳኔው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ሌሊት ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ይረዳኛል?

ሥራው የሚጀመረው አልጋ ላይ ከመውጣት በፊት ነው። ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ወረቀት ያዘጋጁና ከመካከል ያስምሩበት። በአንዱ በኩል በእጅዎ ያለውን ይጻፉ፤ ምን እንደሚያደርጉና ነገ በስንት ሰዓት እንደሚያደርጉት ጭምር። በሌላው በኩል በእጅዎ የሌለውን ይጻፉ። ከዚያ ንጉሡ ሕዝቅያስ የጠላትን የማስፈራሪያ ደብዳቤ በቤተ መቅደስ በእግዚአብሔር ፊት እንደዘረጋው (ኢሳ. 37፥14) ወረቀቱን ዘርግተው ይጸልዩበት። «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» (1ኛ ጴጥ. 5፥7) የሚለው ቃል የሚሠራው የሚጣለው ነገር ሲታወቅ ነው።

ማታ ዜና ማየት ይተዉ። በክፉ ዘመን ወሬ ማወቅ ያስፈልግ ይሆናል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ከሚታመን ምንጭ መስማት ግን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስልኩ ከአልጋ ራቅ ብሎ ይደር። አልጋ ላይ ወጥተው 20 ደቂቃ ገደማ እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ተነሥተው በደብዘዝ ያለ ብርሃን ይቀመጡና መዝ. 4ን ወይም መዝ. 120(121)ን ከታተመ መጽሐፍ ያንብቡ። ሁለተኛው መዝሙር ጠባቂያችን እንደማይተኛና እንደማያንቀላፋ ይናገራል፤ እርሱ ስለሚጠብቅ እርስዎ መጠበቅ የለብዎትም። ጸሎትን ግን እንደ እንቅልፍ ክኒን አይቁጠሩት። «ጸለይኩ፣ አሁን ይመጣል?» እያሉ መከታተል ራሱ ያነቃል።

እጸልያለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀኝም። ጸሎቴ ምን ጎደለው?

ምናልባት ምንም አልጎደለውም። ጳውሎስ በሥጋው የሚያሠቃየው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው ቀረ፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ግን አገኘ (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ይህም መልስ ነው።

ሆኖም አንዳንድ ጸሎት ፍርሃትን የሚያደልብበት መንገድ አለ። ለአንድ ሰዓት ያህል ክፉውን ሁሉ በዝርዝር እያነሱ «ይህ ቢሆንስ፣ ያ ቢሆንስ» ማለት ለእግዚአብሔር የተነገረ ቢመስልም ከጭንቀት ጋር መነጋገር ነው። ፊልጵስዩስ 4፥6 ልመናን «ከምስጋና ጋር» የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስጋና ልብን ወደ ተደረገው ነገር ይመልሳል። እንዲህ ይሞክሩ፤ ከልመናዎ በፊት ባለፈው ጊዜ እግዚአብሔር ያሻገረዎትን ሦስት ነገሮች በስማቸው ጠርተው ያመስግኑ። ከዚያ ልመናውን አንድ ጊዜ ብቻ በግልጽ ይናገሩና «አሜን» ብለው ይነሡ። ሐሳቡ ሲመለስ እንደገና ከመለመን ይልቅ «ይህን ሰጥቼሃለሁ» ይበሉ።

ማልቀስና ማማረርም በጸሎት ቦታ አለው። መዝ. 12(13) ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» የሚለው አራት ጊዜ ይደጋገማል፣ ከዚያ ልመናው ይከተላል፣ በመጨረሻም መታመኑ። የራስዎን ጸሎት በዚሁ ቅደም ተከተል መጻፍ ይችላሉ፤ መጀመሪያ እሮሮ፣ ቀጥሎ ልመና፣ ከዚያ «እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ»። ሦስተኛው ክፍል ዛሬ ከአፍዎ አልወጣ ካለ በግድ አይጨምሩት። መዝ. 87(88) በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያልቃል፤ ያም ቅዱስ ቃል ሆኖ ተሰጥቶናል።

እምነት ካለኝ መጠንቀቅ፣ መሸሽ፣ እርዳታ መጠየቅ ለምን ያስፈልገኛል?

መጽሐፍ ቅዱስ ጸሎትና ጥንቃቄን አይለያይም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላት በዛተ ጊዜ ወደ አምላኩ ጸለየ፣ ሌሊትና ቀንም ዘበኛ አቆመ፤ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ተጽፈዋል (ነህ. 4፥9)። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሳለ ጌታ በሌሊት ተገልጦ በሮም እንደሚመሰክር ነግሮት ነበር (ሐዋ. 23፥11)። በማግስቱ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሊገድሉት ሲማማሉ የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ነገረው። ጳውሎስም «ጌታ ነግሮኛል» ብሎ ዝም አላለም፤ ልጁን ወደ ሻለቃው ላከው። ሻለቃውም 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦር የያዙ ጭፍሮች መድቦ በሌሊት አወጣው። የእግዚአብሔር ቃል በዚህ መንገድ ተፈጸመ።

በሐዋርያት ሥራ 27 ያለው የመርከብ ጉዞም ያው ነው። 276 ሰዎች ናቸው፤ ፀሐይና ከዋክብት ለብዙ ቀን አልታዩም፣ የመዳን ተስፋቸውም ተቆርጦ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ነፍስ እንኳ እንደማይጠፋ፣ መርከቡ ግን እንደሚጠፋ መልአኩ ለጳውሎስ ነገረው። ከዚያ በኋላ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ እንዲከለከሉ አደረገ፤ በ14ኛው ቀን እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት አመስግኖ በላ፣ እነርሱም እንዲበሉ መከረ። የተስፋው ቃል ሥራ አላስፈታውም። በማዕበል መካከል ምግብ ማደል የቻለው መጨረሻውን ስላወቀ ነው።

መሸሽም እምነት ማጣት አይደለም። ጌታ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ ደቀ መዛሙርቱንም በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላዪቱ እንዲሸሹ አዝዟቸዋል (ማቴ. 10፥23)። ጳውሎስም ከደማስቆ ያመለጠው በቅርጫት በቅጥር ወርዶ ነው። በቤትዎ የሚመታዎት ወይም ሊገድልዎት የሚዝት ሰው ካለ መታገሥን እንደ እምነት ፈተና አይቁጠሩት። አስቀድመው የሚሄዱበትን ቦታ ይወስኑ፤ መታወቂያ፣ ገንዘብና አስፈላጊ ሰነዶችን ሰብስበው በሚታመን ሰው ዘንድ ያስቀምጡ፤ ለአንድ ሰው ይንገሩና ወደ ደኅና ስፍራ ይውጡ። ይቅርታ አደጋ ውስጥ ሆኖ መቆየትን አይጠይቅም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ መድኃኒት መውሰድ እምነቴን ያሳንሰዋል?

ሕዝቅያስ እንደሚድን ቃል ከተሰጠው በኋላ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ከጳውሎስ ጋር የነበረው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር (ቆላ. 4፥14)።

ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን እየመጣ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም ጊዜው ባይደርስም ሥራን፣ እንቅልፍንና ምግብን ካወከ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከተጫነዎም እንዲሁ። ምርመራው ጠቃሚ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና ብዙ ካፌይን መውሰድ ልክ እንደ ጭንቀት ያለ ስሜት ያመጣሉ። የሚታዘዙት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጁ በጥቂት ቀን «አልሠራም» ብለው አይተዉ። «ተጸልዮልኛል» ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆምም ራስ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የከፋ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። መቀነስ ካስፈለገ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ ነው።

ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ አንድ ሰዓት እንኳ ብቻዎን አይሁኑ፤ ለቅርብ ሰው ይንገሩና አብረው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ኤልያስም በምድረ በዳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲሞት ለምኖ ነበር። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ መልአክ ልኮ ሁለት ጊዜ አበላው፣ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19፥4-9)።

አንድ ሰው ክፉ ትንቢት ነገረኝ፣ ወይም እርግማን አለብህ ብሎ አስፈራራኝ።

ዘዳግም 18፥22 የተናገረው ሳይሆን የቀረ ነቢይ በድፍረቱ እንደተናገረ ይገልጽና እንዳንፈራው ያዝዛል። ስለዚህ አስፈሪ ነገር የነገረዎትን ሰው ቃል ከቅዱስ ቃሉ ጋር ያስተያዩ፤ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ይንገሩ፤ ብቻዎን ይዘውት አይዞሩ። «ለማስፈታት» ገንዘብ ከተጠየቁ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ጌታ ሐዋርያቱን ሲልክ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ብሏል (ማቴ. 10፥8)። ሰውን አስፈራርቶ መፍትሔውን የሚሸጥ ከላከው ጌታ ጋር አይስማማም።

«አትፍራ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ 365 ጊዜ አለ የሚባለው እውነት ነው?

ቆጠራው አይደግፈውም፤ ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ያለው በቂ ነው።

እግዚአብሔርን መፍራትስ? እርሱንም እየፈራሁ እንዴት ልረጋጋ?

ሙሴ በሲና ሥር ለሚንቀጠቀጠው ሕዝብ በአንድ ቁጥር ሁለቱንም ተናግሯል፤ «አትፍሩ» አለ፣ ወዲያውም ኃጢአት እንዳይሠሩ የእግዚአብሔር ፍርሃት በፊታቸው እንዲሆን እንደመጣ ነገራቸው (ዘጸ. 20፥20)። የመጀመሪያው ከእርሱ የሚያሸሽ ድንጋጤ ነው፤ ሁለተኛው ወደ እርሱ የሚያቀርብ አክብሮት። በመስቀሉ ለተቤዠ ሰው የቅጣት ድንጋጤ ተነሥቶለታል፤ «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» የተባለውም ለዚህ ነው (1ኛ ዮሐ. 4፥18)። እግዚአብሔርን ያከበረ ሰው ደግሞ ሰውን መፍራት ይቀልለታል።

የፈራን ሰው እንዴት ልርዳው?

የኢዮብ ወዳጆች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በመቀመጣቸው ነው (ኢዮ. 2፥13)፤ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። በመጀመሪያ ይስሙ። «አይዞህ፣ ጸልይ» ብሎ መሄድ ሰውየውን ብቻውን ይተወዋል። «አሁኑኑ አብረን እንጸልይ፣ ሐሙስ ደግሞ ሐኪም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ» ቢሉት ይሻላል። ሰውየው ራሱን ይጎዳል ብለው ከሠጉ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። መልሱ አዎ ከሆነ መድኃኒት፣ መርዝና መሣሪያ ከአጠገቡ ያርቁ፤ እርዳታ እስኪደርስም አብረውት ይቆዩ።

ለሕፃናት እውነቱን በዕድሜያቸው ልክ፣ በአጭሩ ይንገሯቸው። «ምንም አይሆንም» ብሎ ቃል መግባት ነገሩ ሲሆን እምነታቸውን ያናጋል። «እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ፤ እግዚአብሔር ግን አብሮን አለ፤ ዛሬ ማታ እኔ እዚህ ነኝ» ማለት ይችላሉ። የመኝታና የምግብ ሰዓታቸው አይለወጥ፤ በየማታው አንድ አጭር መዝሙር አብረው ያንብቡ፤ ልጁ በራሱ ቃል ሲጸልይም አያርሙት። ከአራት ሳምንት በኋላም ቅዠቱ፣ አልጋ ማርጠቡ ወይም ከወላጅ አለመለየቱ ካልቀነሰ የሕፃናት ሐኪም ይየው።